የሴቶች ሰገነት፣ የፊት መስመር

ቦነስ አይረስ፣ ጁን 3 ቀን 1937

ለእህቴ ለዴልሚራ፣ ሳልታ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ደረጃ መውጣት እስካልተወ ድረስ አልከሰውም። የላክሽው የዱባ ጣፋጭ ሳይሰበር ደርሷል። ማሰሮውን በጋዜጣ መጠቅለልሽ መልካም ነው፤ ደብዳቤሽን ከማሰሮው አንገት ላይ ማሰርሽ ግን መልካም አይደለም። ሁለት መስመር ስኳር በልቶታል፤ የቀረውም በእርሳስ ስለተጻፈ በመነጽር እየፈለግሁ ነው ያነበብኩት። ደብዳቤ በቀለም ይጻፋል፣ በፖስታ ይላካል። የትምህርት ቤታችን መነኮሳት ይህን ለሁለታችንም እኩል ነው ያስተማሩን።

የሰማሽው እውነት ነው። ኦሊንዳ በኦገስት በትልቁ ኦፔራ ቤት ትዘፍናለች። ከመዘምራኑ ጋር ተደርድራ አይደለም፤ ድርሻ ተሰጥቷታል። ድርሻው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሦስተኛው ክፍል ብቻዋን የምትዘፍነው አንድ ዜማ አለ፤ ብዙ ሰው ለዚያ ዜማ ሲል ነው የሚመጣው። በዚያ ምሽት ሰገነቱ ከተቀበላት ለሚመጣው ዓመት ያስፈርሟታል። ካልተቀበላት ለሠርግና ለቀብር ትዘፍናለች። ሌላ መንገድ አለ ብሎ የነገረሽ ሰው ካለ ዋሽቶሻል።

«መንገዱ ያደክምሻልና አትምጪ» ብላ እንደጻፈችልሽ ነግረሽኛል። ለምን እንዳለች እኔ አልፈርድም። ሳታውቅ መጥተሽ ሳታውቅ መመለስ ከፈለግሽ ይቻላል። ከመድረክ ወደ ላይ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው፤ መብራቱ ዓይናቸው ላይ ነው። ልጅሽ አታይሽም።

አሁን ስለ ቦታው። ከታች ያሉት ቀይ ወንበሮች ትከሻቸውን ሊያሳዩ ለሚመጡ ናቸው። በአንዱ ቀይ ወንበር ዋጋ እኔ ክረምቱን በሙሉ እሰማለሁ። ለእኛ ዓይነቱ ያለው ቦታ ከላይ ነው፤ መግቢያውም በጎን መንገድ በኩል እንጂ በትልቁ በር አይደለም። አንዱ እርከን ለሴቶች ብቻ የተለየ ነው። ባሎችና ወንድሞች ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ሲያልቅ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። የሴቶች ሰገነት እንለዋለን። ብቻዋን ለምትመጣ ሴት ከዚያ የተሻለ የለም፤ ማንም አያያትም፣ ማንም አይነካትም።

ርካሽ ቦታ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ይህን ያላወቀች ሴት ትኬት ገዝታ ምሽቱን ግድግዳ ስታይ ታሳልፋለች። በጎን ያሉት ረድፎች የመድረኩን ግማሽ ይቆርጡብሻል፤ ዘፋኟ ወደ ግራ ከሄደች ቀሚሷ እንጂ ፊቷ የለም። ከምሰሶው ኋላ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ዓይን ግን ጨፍኖ መቀመጥ ነው። በፊት መስመር የብረቱ መደገፊያ ልክ ዓይንሽ ላይ ይመጣል፤ ደግሞም ከኋላሽ ያለው ሰገነት ሁሉ አንቺን ያያል። ለአንቺ የሚሻለው ሦስተኛው ረድፍ፣ መሃሉ ነው። እኔ ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ እቆማለሁ። መቀመጥ ለማይችሉ አይደለም ያ ቦታ፤ ለመስማት ለሚመጡ ነው። ድምፅ እንደ ጢስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቦታው የእኔ መሆኑን ለማሳየት መሀረቤ መደገፊያው ላይ ከታሰረ ማንም አይፈታውም።

እዚያ ከእኔ ጋር የሚቆሙት ልብስ ሰፊዎች፣ አስተማሪዎች፣ የፋርማሲ ሴቶች ናቸው። በገንዘብ አይገዙም። አንዲት ዘፋኝ ለሰው ከፍላ እንዳስጨበጨበች ከተጠረጠረች፣ ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቁም።

ትኬቱን እኔ ልግዛልሽ። ከመጣሽ ቁርጡን ጻፊልኝ፤ በቀለም።

ሴኖቢያ


ሳልታ፣ ጁን 19 ቀን 1937

ይድረስ ለእትዬ ሴኖቢያ

እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን በሞቀ ጨው ያሹት። እኛ ጋ ብርዱ ከተራራው ወርዶ ግቢው ውስጥ ገብቷል፤ ዶሮዎቹ እንኳ ከምድጃ ዳር አንነሳም ብለዋል። ይኸው በቀለም ጻፍኩ፤ ቀለሙን ከቄሱ ተውሼ ነው። ከተንጠባጠበ ይቅር ይበሉኝ፣ እጄ ከሊጥ ጋር እንጂ ከብዕር ጋር አልተስማማም።

ትኬት እገዛልሻለሁ በማለትዎ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እመጣለሁ። ቁርጥ ነው።

በኋላ በላኩልኝ አጭር ወረቀት ስለ ልብሱ ለጠየቁኝ፣ ጥቁሩ አለኝ፤ ለባሌ ቀብር ያሰፋሁት። ሻሹም ጥቁር ነው። ሌላው ጥያቄዎ ግን ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ አደረ። «ለምን አትምጪ ያለችሽ ይመስልሻል?» አሉኝ። ምን ልበል እትዬ፤ ታፍርብኛለች መሰለኝ። እጄ ሽንኩርት ይሸታል፣ ቢታጠብ ቢታጠብ አይለቅም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሥጋና ሽንኩርት የታጨቀበት ኤምፓናዳ እንደምሸጥ ለጓደኞቿ አልነገረችም ይሆናል። ስስቅ ደግሞ እጮሃለሁ። እርስዎ ያውቁኛል፣ «ዴልሚራ፣ አፍሽን ሸፍኚ!» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ቢሆንም አልቀየምኳትም። ሰባት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት በሕልሜ ነው። አንድ ጊዜ ሰምቼ ልመለስ፤ ከዚያ በኋላ ብታፍርብኝም ትፈርብኝ።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። ከእርስዎ ቤት ለምን ወጣች? አራት ዓመት ሙሉ አብልተው አስተምረው፣ ድንገት «ሌላ ቤት ተከራይቻለሁ» ብላ ጻፈችልኝ። እሷም አልነገረችኝ፣ እርስዎም አልነገሩኝ።

ደግሞ ሌላ። ኦሊንዳ ድሮ አንድ ጊዜ «አክስቴ ለጭብጨባ እጇን ካላነሳች ሰገነቱ አያነሳም» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እውነት ከሆነ እትዬ፣ በእናታችን አጥንት፣ ያን ቀን እጅዎን ያንሱላት። ደም ናት።

ታናሽ እህትዎ ዴልሚራ


ቦነስ አይረስ፣ ጁላይ 2 ቀን 1937

ለዴልሚራ

ቀለሙ ተንጠባጥቧል፤ ነገር ግን ይነበባል። ቄሱን አመስግኚልኝ።

ስለ ጉልበቴ መድኃኒት አልጠየቅሁሽም። ከቤቴ ለምን ወጣች ላልሽው፣ በሩ ክፍት ነበር፤ ወጣች። ሻንጣዋን ራሷ ተሸከመች። ማታ ማታ ልምምዷን ስትጨርስ የተሳሳተችውን እነግራት ነበር፤ ያልተሳሳተችውን የሚነግሯት ብዙ ነበሩ። ክፍሏ እንደተወችው ነው። በየሳምንቱ እጠርገዋለሁ።

እጅ ስለ ማንሳት። እኔ እጄን በስጦታ ሰጥቼ አላውቅም። ደም ናት ብለሽ ጽፈሻል፤ ደም አይዘፍንም። ይህን ታውቂ ዘንድ፣ እንግዶች በሰገነቱ ሴቶች ጭካኔ ይደነቃሉ። ጭካኔ አይደለም፤ ልኩን ማወቅ ነው። ያለ ልኩ የተመሰገነ ሰው ድሃ ሆኖ ይቀራል።

ቅዳሜ ለትኬት ሰልፍ ላይ ሳለን ዶኛ ፔትሮና መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ከእኔ ጎን የምትቆመው ወፍራሟ፤ ጠርሙስ ሙቅ ውኃና የማቴ ሻይ ቅጠሏን በብብቷ ይዛ ካልሆነ ከቤት አትወጣም። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለችኝ፦

«ዶኛ ሴኖቢያ፣ አዲሷ ልጅ የእርስዎ የእህት ልጅ ናት አሉ! እንግዲህ ዘንድሮ ለጭብጨባ ጓንትዎን ያወልቁልናል።»

«ብርድ ነው፤ አላወልቅም» አልኳት።

«እንኳን ጓንት፣ ቆዳቸውንም ቢያወልቁ ከውስጥ ሌላ ጓንት ነው የሚወጣው!» አለችና ሰልፉን አሳቀችው። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅሽ በልምምድ ቦታ ስለ እኔ የተናገረችውን ነገረችኝ። ለልብስ ማልበሻ ክፍል ስለምትሰፋ ሁሉን ትሰማለች። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ስለ ረድፉ አሳቤን ለውጫለሁ። ሦስተኛው ረድፍ ቀርቶ የፊት መስመር፣ መሃሉን ገዝቼልሻለሁ። ከዚህ በኋላ የምትመጪበት ዕድል የለሽም፤ ምንም ሳይከልልሽ እዪ። አገጭሽን መደገፊያው ላይ ካሳረፍሽው ብረቱ ዓይንሽን አይከለክልም።

ሴኖቢያ


ቦነስ አይረስ፣ ጁላይ 30 ቀን 1937

ለዴልሚራ

ይህ ደብዳቤ ከመነሳትሽ በፊት ይደርስሻል፤ ስለዚህ አጭር ነው።

ትኬቱ ውስጡ አለ። በመንገድ ላይ ጉያሽ ውስጥ አትክተቺው፤ ላብ ቀለሙን ያለቅቀዋል። በጎን መንገድ ባለው በር ግቢ። ደረጃው ረጅም ነው፣ ልብሽ እንዳይመታ እያረፍሽ ውጪ። ምግብ ይዘሽ እንዳትገቢ። ሻሽሽን አታውልቂ፤ ጥቁር ሻሽ ጨዋ ነው። እኔ ከኋላ በቦታዬ እሆናለሁ፤ ዞረሽ እንዳትጠሪኝ፣ እጅም እንዳታወዛውዢ። ሲያልቅ እቤቴ ታድሪያለሽ። አልጋው ይነጠፋል።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ለጠየቅሽኝ። መቼ እንደሚጨበጨብ አላውቅም፣ እንዳላዋርዳት ንገሩኝ ብለሻል። ልብሽ ሲነካ አጨብጭቢ። እናትን ይህን የሚያስተምራት የለም።

መልካም መንገድ።

ሴኖቢያ


ሳልታ፣ ኦገስት 17 ቀን 1937

ይድረስ ለእትዬ ሴኖቢያ

እትዬ፣ አልጋ አንጥፈው ጠብቀውኝ ሳልመጣ በመቅረቴ፣ ሳልሰናበትዎም በመሄዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እግሬ ወደ እርስዎ ቤት አልሄድ አለኝ። ባቡሩ ውስጥ መንገዱን ሁሉ አስቤ አስቤ አልገባኝም። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ያስረዱኝ።

ቦታው እንዳሉት ነበር፣ መድረኩ እንደ መዳፌ ይታየኝ ነበር። ከጎኔ ለተቀመጠችው ሴት «ኦሊንዳ ቴዳን የቷ ናት?» ስላት ወረቀቷን ገልጣ አይታ «እንዲህ የምትባል የለችም» አለችኝ። ደነገጥሁ። ለካ ስሟን ለውጣ «ሊንዳ ቴዳኒ» ሆናለች፤ የአባቷ ስም እንኳ ጭራ በቅሎበታል። ተቀብታ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋ ስትወጣም አላወቅኋትም። አፏን ስትከፍት ግን አወቅኋት። እትዬ፣ እኔ ነኝ የወለድኳት? ያን ድምፅ እኔ ነኝ ያጠባሁት?

ከዚያ ያ ዜማ መጣ። ወሰደችው፣ ወሰደችው፣ ጣሪያው ድረስ አወጣችውና ዝም አለች። ሙዚቃውም ዝም አለ። ቤቱ ሁሉ ዝም! ያ ዝምታ አስፈራኝ። ማንም ላያጨበጭብላት ነው እንዴ አልኩ። «ልብሽ ሲነካ» ብለውኝ የለ? ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

ከኋላዬ አንዷ «እሽሽ!» አለች። ሌላዋ «አንቺ ባለ ጥቁር ሻሽ፣ ስንት ከፈሉሽ?» ብላ ጮኸች። ስለ ትኬቱ የጠየቀችኝ መስሎኝ ዞሬ «እህቴ ናት የከፈለችልኝ!» አልኳት። ሳቁ! ሰገነቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ፉጨት ተጀመረ። ለካ ዜማው አላለቀም ነበር። ቀስ ብላ፣ በለሆሳስ፣ እንደገና ስትጀምረው አየሁ እንጂ አልሰማሁም፣ ፉጨቱ ዋጣት። እኔም ፉጨቱን ላሸንፍላት ብዬ መዳፌ እስኪላጥ አጨበጨብኩ። «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያልኩ። እሷ መሃል ላይ ቆመች። አፏ ተከፍቶ ቀረ። መጋረጃው ወረደ።

እንግዲህ ሳታየኝ ልመለስ ብዬ ብመጣም አንጀቴ አልቻለም፤ ዘፋኞቹ በሚወጡበት በር ሄጄ ቆምኩ። ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

«እማዬ? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

ላጽናናት ብዬ «አይዞሽ ልጄ! ያ ሁሉ ባለጌ ሲያፏጭ ብቻዬን ያጨበጨብኩልሽ እኔ ነኝ! ሰማሽኝ?» አልኳት።

ካፖርቷን ቆለፈች። ከዚያ «የት ነበር የተቀመጥሽው?» አለች።

«ፊት ለፊት፣ መሃል፣ አክስትሽ የገዛችልኝ ቦታ።»

«መቼ እንደሚጨበጨብ ጠይቀሻት ነበር?»

«ጠይቄያት ነበር። ልብሽ ሲነካ አለችኝ።»

ያኔ ሳቀች እትዬ። እንደሱ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ሻሼን አስተካከለችልኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ መኪና ጠርታ ጣቢያ አደረሰችኝ። በመንገድ ሁሉ እጄን ይዛ ነበር።

ምን አጠፋሁ? ደግሞ ደረጃው ላይ ስወርድ አንዲት ወፍራም ሴት፣ ጠርሙስ በብብቷ የያዘች፣ «ዶኛ ሴኖቢያ እጇን ብታነሳ ኖሮ ዝም እንል ነበር» ስትል ሰምቻታለሁ። እርስዎ ከኋላ ነበሩ አይደል? አላዩኝም? ወይስ ጨለማው ነው?

እህትዎ ዴልሚራ


ቦነስ አይረስ፣ ኦገስት 29 ቀን 1937

ለዴልሚራ

በሰላም መግባትሽ መልካም። አልጋው ሳይተኛበት ተነስቷል።

ጥያቄዎችሽን በተራቸው እመልሳለሁ።

ያ ዜማ መሃሉ ላይ ያርፋል። ድምፁም ሙዚቃውም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ዘፋኟ በትንሿ ድምፅዋ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዚያች መመለስ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚያጨበጭብ ዜማውን የማያውቅ ነው፤ ዜማውን ሳያውቅ በፊት መስመር የሚቀመጥ ደግሞ ተከፍሎት የመጣ ነው። ሰገነቱ እንዲህ ነው የሚያስበው፣ እኔ ወደዚያ ከመውጣቴም በፊት እንዲህ ያስብ ነበር። የተከፈለው ሰው አይቀጣም፤ ያስከፈለችው ዘፋኝ ትቀጣለች። «ስንት ከፈሉሽ?» ያለችሽ ይህንኑ ነው የጠየቀችሽ። አንቺም መለስሽላት።

አዎን፣ ከኋላ ነበርኩ። ጨለማ አልነበረም። ሻሽሽ በደንብ ይታይ ነበር። እጆቼ መደገፊያው ላይ ነበሩ፤ አላነሳኋቸውም።

ለምን አልነገርሽኝም ትይ ይሆናል። መቼ እንደሚጨበጨብ ጠየቅሽኝ፣ ልብሽ ሲነካ አልኩሽ። ልብሽ ተነካ። የነገርኩሽ ውሸት የለበትም።

ዶኛ ፔትሮና በሰልፉ ላይ የነገረችኝን አሁን ልጻፈው። ልጅሽ ለልብስ ማልበሻዎቹ «አክስቴን ከሰገነቱ ካወረድኳት ግማሹ ጦርነት አለቀ» ብላለች። ይህን ባለች በሳምንቱ ለእኔ ትኬት ላከችልኝ። ከታች፣ ቀይ ወንበር። በዚያው ፖስታ መለስኩላት። ለእኔ ትኬት እንደላከች፣ ለአንቺ ግን እንዳልላከች ልብ በይ። ሁለት ሴቶች አሳደግናት፤ አንዷን ልትደልል ፈለገች፣ ሌላዋን ልትደብቅ።

በደንብ ዘፍና ነበር ወይ? ይህን ማንም ሰው በትክክል ሊነግርሽ አይችልም ከእኔ በቀር። እስከ ዝምታው ድረስ፣ በዚያ ቤት ከሰማኋቸው ሁሉ እሷን የሚያህል አልነበረም። በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል ያለው ድምፅዋ፣ አራት ዓመት የተጣላሁት ያ ድምፅዋ፣ ተስተካክሏል። ሁለተኛውን ግማሽ ብሰማው ኖሮ እጄን አነሳ ነበር ብዬ አስባለሁ። አልሰማሁትም፤ ስለዚህ አልምልም።

ለሚመጣው ዓመት እንደማያስፈርሟት ነግረዋታል። አሁን ተከራይታ ለመኖር አቅም የላትም፤ ወደ ምን እንደምትመለስ ግልጽ ነው። ክፍሏ ተጠርጓል፣ ፒያኖው ተቃኝቷል። በሩን እንድታንኳኳ አልጠብቅም፣ ክፍት ነው። ኩራቷን ትታ ትምጣ በያት። ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ በኔ ሥርዓት።

ሴኖቢያ


ቦነስ አይረስ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1937

ለዴልሚራ

ከዚህ በፊት ለጻፍኩልሽ ለሁለቱም ደብዳቤ አልመለስሽም። ፖስታ ቤት ጠይቄያለሁ፣ አልጠፉም። ደብዳቤ ደርሶ አለመመለስ ከድንቁርና የባሰ ነው፤ ከማን እንደተማርሽው አላውቅም።

ኦሊንዳ ቤቴ አልመጣችም። ወዳከራየቻት ሴትዮ ሄጄ ስጠይቅ፣ ዕቃዋን ሰብስባ በሰሜኑ ባቡር ሄዳለች አለችኝ። እንግዲያው አንቺ ጋ ናት። በልብስ ማጠቢያው ጎን ባለችው ክፍል ከሆነ ያስተኛሻት አውጫት፤ እርጥበት አለው። ጠዋት ሳትለማመድ ምንም አትቅመስ። ለቄሱ መዘምራን እንዳትሰጫት፤ አሥር ሴት ሲጮሁ እሷም ትጮሃለች፣ ያቃናነው ሁሉ በአንድ ወር ይጣመማል። ነፋስ ባለበት ቀን መስኮት ዝጉ።

ከዚህ አዲስ ነገር የለም። ዶኛ ፔትሮና ብቻ ሥነ ሥርዓት አጉድላለች። «እህቴ ናት የከፈለችልኝ» ያለችው ባለ ሻሽ ሴት ማን እንደሆነች ለማወቅ ብዙ አልቸገራትም፤ መልክሽ መልኬ ነው። ባለፈው ሐሙስ ወደ ቦታዬ ስወጣ መሀረቤ ከመደገፊያው ተፈትቶ፣ ታጥፎ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

«ይህን ማን ነው የነካው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አለች ፔትሮና፣ ማቴዋን መምጠጡን ሳታቋርጥ። «እኛ እዚህ የምናፏጨው የሰማነውን ሰምተን ነው። እርስዎ ግን በእኛ አፍ ነው ያፏጩት። ሌላ ቦታ ይፈልጉ፣ ዶኛ።»

ማንም አልተናገረላትም፤ ማንም ለእኔም አልተናገረም። አሁን ከምሰሶው ኋላ እቆማለሁ። ከዚያ ድምፁ ጥሩ ነው፤ ብዬሽ ነበር። ዘንድሮ ግን የሚሰማ ነገር የለም። የመጡት ሁሉ ይጮሃሉ።

በገና ሰሞን ወደ ሳልታ ልመጣ አስቤያለሁ። እስከዚያው ረጅም ደብዳቤ አልጠይቅሽም። እርሳስም ቢሆን ግድ የለኝም። ትዘፍናለች ወይስ አትዘፍንም? ያችን መመለስ፣ በትንሿ ድምፅ የሚጀምረውን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሞክራው ከሆነ እንዴት እንደጀመረችው ብቻ ጻፊልኝ። የሰማሽውን በራስሽ ቃል ንገሪኝ፤ ቀሪውን እኔ እረዳዋለሁ።

እህትሽ ሴኖቢያ


ሳልታ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1937

ለሴኖቢያ

እናታችን «ታላቅሽ ናት፣ አንቺ ብለሽ እንዳትጠሪያት» ብላ አስተማረችኝ፤ እስከ ዛሬ ታዘዝኳት። ከእንግዲህ ከእናታችን ጋር በሰማይ እንነጋገርበታለን።

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰዋል። የኦገስቱን ለኦሊንዳ ከሰላምታው እስከ ፊርማው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የሽንኩርት እጅ ቢሆንም ማንበብ አይከለክልም። ስለ ቀይ ወንበሩ ያልሽው እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «እውነት ነው እማዬ» አለች። «ላንቺም ለሁለተኛው ምሽት ትኬት ገዝቼልሽ ነበር። የመጀመሪያው ምሽት የሰገነቱ ነው፣ ሰው ይበሉበታል። ካለፍኩኝ በኋላ መጥተሽ በሰላም እንድትሰሚኝ ነበር።» ትኬቱን ከሻንጣዋ አውጥታ አሳየችኝ። ከታች ነው፣ ከመድረኩ ፊት። ሁለተኛው ምሽት ሌላ ሴት ዘፈነችው።

እኔ ታፍርብኛለች ብዬ ነበር ለአንቺ የጻፍኩት። አንቺ ደግሞ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ምን እንደምመልስ እያወቅሽ። ልትደብቀኝ እንደፈለገች እስከ መጨረሻው ድረስ አሳመንሽኝ። ከፉጨቱ ይልቅ ይህ ነው የማይወጣልኝ።

እርጥበት ባለበት ክፍል አልተኛችም። ከእኔ ጋር ነው የምትተኛው። ቁርስ ትበላለች። መስኮቱ ክፍት ነው።

ትዘፍናለች ወይስ አትዘፍንም ላልሽው መልስ አልሰጥሽም። ቄሱንም፣ ፖስታ ቤት ያለውንም፣ ጎረቤቶቹንም አስጠንቅቄያለሁ፤ ብትጽፊላቸውም አይመልሱልሽም። አትድከሚ።

በገና ሰሞን እመጣለሁ ብለሻል። ነይ። ቤቱ የአባታችን ነው፣ በሩን አልዘጋብሽም። ጣቢያ ድረስ ወጥተን እንቀበልሻለን። አልጋ ይነጠፍልሻል፣ ሾርባ ይቀርብልሻል። ኦሊንዳ ከጎንሽ ትቀመጣለች፣ ዳቦ ትቆርስልሻለች፣ ጉልበትሽን በጨው ታሽልሻለች፣ «አክስቴ» ትልሻለች። የፈለግሽውን ያህል ሰንብቺ። አንቺ እዚህ እስካለሽ ድረስ ግን በዚህ ቤት ማንም አይዘፍንም፤ እስክትሄጂ እንጠብቃለን። ይህን ያለችው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። እኔ ጭራሽ እንዳትመጪ ልጽፍልሽ ነበር፤ «አይ እማዬ፣ ትምጣ» አለችኝ።

ዴልሚራ